የፈርምዌር ምልክቶችን የሚቀበለው የከርነል ኮድ እና የለውጦች ግምገማ፦ ተገልጋዮችና አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ሊያውቁት የሚገባ

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ከተማ አንድ ተገልጋይ ጉዳዩን ለማስፈጸም በመስኮት ፊት ቆሟል እንበል። ባለሙያዋ ስሙንና የይዞታውን መረጃ በላፕቶፕ እየመዘገበች ሳለ መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ ግን ሥራውን አያቆምም። የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ይላል፣ በጥጉ ያለው የባትሪ ምልክት ይለወጣል፣ ምዝገባው ይቀጥላል። ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ባለሙያዋም የጀመረችውን ቅጽ አስቀምጣ ትዘጋለች። ተገልጋዩ በዚህ መካከል ምን እንደተከናወነ አያይም። ቅጹ ሳይጠፋ የቀረው ግን የመብራቱን መቋረጥ ከኮምፒውተሩ አካል ተቀብሎ ለሶፍትዌሩ የሚያደርስ አንድ የኮድ ክፍል ተግባሩን በትክክል ስለፈጸመ ነው።

ይኸው የኮድ ክፍል በየጊዜው ይለወጣል፤ ስሕተቱ ይታረማል፣ ፍጥነቱ ይሻሻላል፣ አዳዲስ መሣሪያዎችን እንዲያውቅ ይደረጋል። እያንዳንዱ ለውጥ ወደ ተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት በሌሎች ባለሙያዎች ይገመገማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግምገማው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ለምን አንዳንድ ስሕተት እንደሚያመልጠው፣ እንዲሁም በየወረዳው የሚገኝ ተጠቃሚ በሂደቱ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ማስረዳት ነው።

ፈርምዌርና ከርነል

ፈርምዌር በኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ላይ በአምራቹ ተጭኖ የሚመጣ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አስቀድሞ የሚነሳው እርሱ ሲሆን፣ የባትሪውን፣ የሙቀቱን፣ የማራገቢያውንና የክዳኑን ሁኔታ ከሚቆጣጠሩት ትንንሽ ክፍሎች ጋር በቅርብ ይሠራል። ከርነል ደግሞ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ማኅደረ ትውስታን፣ ፕሮሰሰርንና መሣሪያዎችን የሚያስተዳድር፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ላይ ተደግፈው የሚሠሩ ክፍል ነው። አንድ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ቢበላሽ የሚዘጋው ያ ፕሮግራም ብቻ ነው። ከርነሉ ቢበላሽ ግን ኮምፒውተሩ በሙሉ ይቆማል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚመዝን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ ፋይል በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ በሚሠራ ክፍል ሲነበብ ኮምፒውተሮች ከሥራ ወጡ፤ ማይክሮሶፍት እንደገለጸው የተጎዱት መሣሪያዎች 8.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በሀገራችንም መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተከሰተውን የሲስተም ችግር ብዙዎች ያስታውሱታል። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳውቆ ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች የተከሰቱት በተለያየ የሶፍትዌር ደረጃ ነው፤ የባንኩ ከከርነል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚመሳሰሉት ለመልካም የታሰበ ለውጥ አገልግሎት ማቋረጡ ላይ ነው።

በፈርምዌርና በከርነል መካከል ያለው መግባቢያ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች፣ ዴስክቶፖችና ሰርቨሮች ኤሲፒአይ በሚባል ደረጃ የተወሰነ ነው። ደረጃውን ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ ከ2013 ጀምሮ የዩኢኤፍአይ ፎረም ያስተዳድረዋል። ተንቀሳቃሽ ስልኮች በአብዛኛው በሌላ መንገድ ስለሚሠሩ፣ አንድሮይድ ስልኮች የሊኑክስን ከርነል ቢጠቀሙም እዚህ የሚነገረው በቀጥታ አይመለከታቸውም።

ምልክቱ የሚጓዝበት መንገድ

ወደ አንበሳሜው መስኮት እንመለስ። የቻርጀሩ ኃይል ሲቋረጥ አስቀድሞ የሚያውቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ አነስተኛ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አያናግርም፤ ጂፒኢ የሚባል መስመር ያነሳል። ይህም ኤስሲአይ የተሰኘውን የኤሲፒአይ ኢንተራፕት ይቀሰቅሳል። ኢንተራፕት ማለት ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ለአፍታ አቁሞ ጥሪውን እንዲሰማ የሚያስገድድ ምልክት ነው። ኤስሲአይ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በ9ኛው የኢንተራፕት መስመር ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ከርነሉ የትኛው ጂፒኢ እንደተነሳ ከመዝገቦቹ አንብቦ ይለያል፤ ተቆጣጣሪውን «ምን ተከሰተ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪውም የክስተቱን ቁጥር ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ፈርምዌሩ ያዘጋጀው አጭር ፕሮግራም አለ። ከርነሉ ያንን ፕሮግራም በራሱ ተርጓሚ ያስኬደዋል፤ በመጨረሻም «የኃይል ምንጩ ተለውጧል» የሚል ማስታወቂያ ለሚመለከተው ድራይቨር ይደርሳል። የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከእነዚህ እርከኖች አንዱ ላይ ምልክቱ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ዋናው ኃይል እንዳለ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ባትሪው ያልቃል፣ ያልተቀመጠው ቅጽም አብሮ ይጠፋል።

ኤስሲአይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ምልክት የሚሰጥበት ሁለት ዓይነት መንገድ አለ፤ አንደኛው ከደጅ አንድ ጊዜ «ቤቶች!» ብሎ እንደሚሄድ ሰው ነው፣ ያልሰማው ያመልጠዋል። ሁለተኛው በሩ እስኪከፈትለት ድረስ ሳያቋርጥ እንደሚጣራ እንግዳ ነው። ኤስሲአይ የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ከርነሉ ጉዳዩን ጨርሶ ምልክቱን እስኪያነሳ ድረስ መስመሩን ለጊዜው መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋው ያው ጥሪ ደጋግሞ እየገባ ፕሮሰሰሩን ፋታ ይነሳዋል። ይህ ነጥብ ከታች ለሚቀርበው ጉዳይ ቁልፍ ነው።

ገምጋሚው ምን ያያል?

በኮዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አሥር መስመር የማይሞላም ይበዛል። ግምገማው ግን በመስመሮቹ ቁጥር አይለካም። ገምጋሚው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የሚሠራውን ሁሉ ማሰብ ይጠበቅበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ኮዱ የሚሠራው በየትኛው ሁኔታ ውስጥ ነው የሚል ነው። በኢንተራፕት ውስጥ የሚሠራ ኮድ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ሌላ ሥራ እስኪያልቅ ልቆይ ካለ ፕሮሰሰሩ በሙሉ አብሮት ይታገታል። በመሆኑም ረዘም ያለው ሥራ በኋላ እንዲከናወን ወደ ወረፋ ይላካል፤ ገምጋሚውም ወደ ወረፋ መሄድ የነበረበት ሥራ ያለቦታው አለመግባቱን ያረጋግጣል።

ቀጥሎ የቅደም ተከተል ጥያቄ ይመጣል። አንድ ጊዜ ተጣርቶ በሚሄደው የምልክት ዓይነት መዝገቡ የሚጸዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አለበለዚያ በሥራው መካከል የመጣ አዲስ ምልክት ከአሮጌው ጋር ተጠርጎ ይጠፋል። እስኪከፈትለት በሚጣራው ዓይነት ደግሞ የሚጸዳው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የሁለት መስመሮች ቦታ መለዋወጥ ብቻ ይህን ሊያበላሸው ይችላል፤ ስሕተቱም በሺህ ሙከራ አንድ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ ላይታይ ይችላል። በገምጋሚ ዓይን ካልተያዘ በቤተ ሙከራ መያዙ አጠራጣሪ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋም ተመሳሳይ አደጋ አለ። ላፕቶፑ ወደ እንቅልፍ ለመግባት በዝግጅት ላይ ሳለ የመቀስቀሻ ምልክት ቢመጣ ምን ይሆናል? ምልክቱ ካልተቆጠረ ኮምፒውተሩ ሊነቃ ሲገባው ይተኛል። የሊኑክስ ከርነል ይህን ክፍተት ለመዝጋት እ.ኤ.አ. በ2010 የመቀስቀሻ ክስተቶችን የሚቆጥር ሥርዓት አስገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ቆጠራውን አለማዛባቱ ይታያል።

የምልክት ጎርፍም አለ። አንዳንድ ፈርምዌር በራሱ ስሕተት ምክንያት ያለማቋረጥ ይጣራል። ተጠቃሚው የሚያየው ምንም ፕሮግራም ሳይከፍት የሚሞቅና ማራገቢያው የሚጮህ ላፕቶፕ ነው። ከርነሉ ጥሪው ከልክ ሲያልፍ ጥሪ መስማቱን ትቶ ራሱ በየጊዜው ሄዶ ወደ መጠየቅ የሚሸጋገርበት ዘዴ አለው። በርካታ ተጠቃሚዎች ይህን ችግር የቫይረስ ምልክት አድርገው ይወስዱታል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም።

ሌላው የአሮጌ መስመሮች ጉዳይ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የጂፒኢ ተከታይ ሥራዎች በመጀመሪያው ፕሮሰሰር ላይ ብቻ እንዲሠሩ የሚያደርግ መስመር አለ። ለአዲስ አንባቢ ትርፍ ገደብ ይመስላል፤ ከጎኑ ያለው ማብራሪያ ግን በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ፈርምዌሩ የሚጠራው ልዩ አሠራር በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ቢሠራ መረጃ እንደሚያበላሽ ይገልጻል። መስመሩን «ኮዱን ለማቅለል» የሚያነሳ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ አንዳች ችግር አያይም። የሚጎዳው ያንን ዓይነት ኮምፒውተር የያዘው ነው። የሊኑክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ጊት በተባለው የለውጥ መዝገብ የእያንዳንዱ መስመር ታሪክ ከነምክንያቱ ይገኛል፤ ጥሩ ገምጋሚ መስመር ከመነሳቱ በፊት መዝገቡን ይገልጣል።

በ2016 ዓ.ም. የታየው ጉዳይ

ከላይ የተዘረዘረው በተግባር ምን እንደሚመስል በሊኑክስ ከርነል 6.8 ዙሪያ የሆነው ያስረዳል። ይህ እትም መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ወጥቷል። በእትሙ የኤሲፒአይ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ራፋኤል ቪሶትስኪ አንድ አስፈላጊ ለውጥ አስገብተው ነበር። እስከዚያ ድረስ የኤስሲአይ ጥሪ የሚስተናገደው በኢንተራፕቱ ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ጥሪ ሳይሰማ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን መስተንግዶው ራሱን ወደቻለ የሥራ ክር ተዛወረ፤ ፕሮሰሰሩ ቶሎ ነፃ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሥራው በክር ሲከናወን መስመሩ ሁሉም ጂፒኢ እስኪታይ ድረስ ተዘግቶ መቆየት ስላለበት፣ ለውጡ ይህን የሚያዝ ዋንሾት የተባለ ምልክት በመስመሩ ላይ አኖረ። በራሱ ሲታይ ትክክለኛ ለውጥ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከጋራ መስመር ነው። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች የኤስሲአይን መስመር ሌላ ድራይቨር ይጋራዋል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ የግቢ በር ሲጠቀሙ በሩ መቼ እንደሚዘጋ መስማማት አለባቸው፤ ከርነሉም እንዲሁ በአንድ መስመር ላይ የሚመዘገቡ ሁሉ በዋንሾት ጉዳይ እንዲስማሙ ይጠይቃል፤ ካልተስማሙ ዘግይቶ የመጣውን አይቀበልም። በኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሚሠሩ አንዳንድ ኮምፒውተሮች የፒን መቆጣጠሪያው ድራይቨር ይህን መስመር ይጋራ ነበርና፣ ያለ ዋንሾት ለመመዝገብ ሲጠይቅ ተከለከለ። ድራይቨሩ ሳይነሳ ቀረ፤ በእርሱ በኩል ምልክት የሚያስተላልፉ መሣሪያዎችም አብረው ተስተጓጎሉ።

ሪፖርት ሲደርስ ማረሚያው ቀላል መሰለ፤ የፒን መቆጣጠሪያው ድራይቨርም ዋንሾትን እንዲጠይቅ ተደረገ። ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ሥራቸውን ቀጠሉ። ነገር ግን በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ አለመስማማቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ተከሰተ፤ ያ ኮምፒውተር ጭራሽ መነሳት አቃተው። መዳኒቱ ለአንዱ ሲበጅ ሌላውን አሳመመ ማለት ነው።

የመጨረሻው መፍትሔ ከድራይቨሮቹ ይልቅ ደንቡን የሚመለከት ሆነ። ቪሶትስኪ «መስመሩ ላይ ዋንሾት አስቀድሞ ካለ እስማማለሁ፤ ከሌለ ግን አልጠይቅም» የሚል ሁኔታዊ ምልክት አዘጋጁ፤ የፒን መቆጣጠሪያው ድራይቨርም እርሱን እንዲጠቀም ተደረገ። ለውጡ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በወጣው 6.9 እትም ውስጥ ተካቷል።

ጉዳዩን በዚህ መጠን መዘርዘር ያስፈለገው ማንም ቸልተኛ ስላልነበረ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ በሚመለከታቸው ባለሙያዎች እጅ አልፏል፤ ማረሚያውም እንዲሁ። በግምገማው ወቅት ያልነበረው ችግሩ የሚታይበት ኮምፒውተር ነው። ኮድ በማንበብ ብቻ የዓለም ኮምፒውተሮች መስመሮቻቸውን እንዴት እንደሚጋሩ ማወቅ አይቻልም፤ ይህን የሚያውቀው ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው።

ለውጡ ወደ ተጠቃሚው እስኪደርስ

በሊኑክስ ከርነል ለውጥ ያዘጋጀ ሰው ሥራውን ለክፍሉ ኃላፊና በአካባቢው ለሚሠሩ ባለሙያዎች በኢሜይል ይልካል። እያንዳንዱ ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነ የሚገልጽ መዝገብ ከኮዱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ላኪው ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው በስሙ ይፈርማል፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይሠራበታል። አስተያየት ሲሰጥ ለውጡ ተሻሽሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አሥረኛ ጊዜ ይቀርባል። የገመገመው፣ የሞከረውና ችግሩን ያስታወቀው ሰው ስም ከለውጡ ጋር ለዘለቄታው ይመዘገባል። ስሕተት ያስታወቀ ተራ ተጠቃሚ ኮድ ከጻፈው ባለሙያ እኩል በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል።

አዲስ እትም የሚወጣው በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ነው። አዳዲስ ለውጦች የሚገቡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ጊዜ ለሙከራና ለእርማት የተመደበ ነው፤ በየሳምንቱም የሙከራ እትም ይወጣል። ከዚህ በኋላ እርማቶች ወደ ረጅም ዕድሜ እትሞች ይሸጋገራሉ። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ሥርጭቶች ከርነሉን ተቀብለው የራሳቸውን ሙከራ አድርገው ለተጠቃሚ ያደርሳሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ካደረጉ ጀምሮ በሥራው እየጸና የመጣ አንድ ደንብ አለ፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ እትም ምክንያት መሥራት ካቆመ ጥፋቱ የተጠቃሚው ሳይሆን የከርነሉ ነው።

ዊንዶውስን በሚመለከት ግምገማው የሚካሄደው በማይክሮሶፍት ውስጥ በመሆኑ ከውጭ አይታይም። በአብዛኞቹ የሀገራችን መሥሪያ ቤቶች የሚገኘው ይኸው ሥርዓት ስለሆነ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ በተለየ የተራዘመ ድጋፍ ያልታቀፉ ኮምፒውተሮች የደኅንነት እርማት አያገኙም። ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ማዛወር አንዱ አማራጭ ነው፤ ከላይ የተገለጸው ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከታቸውም እነዚሁ ናቸው።

በአገልግሎት መስጫ ተቋማት ሊወሰድ የሚገባ ጥንቃቄ

በወረዳና በከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የሚገኙ ኮምፒውተሮች በተለያየ ጊዜ የተገዙ፣ በስጦታ የተገኙ ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወሩ ሲሆኑ ዓይነታቸው የተደበላለቀ ነው። በመሆኑም የከርነል ወይም የፈርምዌር ማሻሻያ በሁሉም ላይ በአንድ ቀን መጫን አይመከርም። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ኮምፒውተር ተመርጦ ለጥቂት ቀናት ይሞከራል። ሙከራው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም፤ ቻርጀሩን መንቀልና መሰካት፣ ክዳኑን መዝጋትና መክፈት፣ ከእንቅልፍ ማስነሳት፣ ባትሪው እስከ ማስጠንቀቂያው ድረስ ሲወርድ ማየት ይገባል። መብራት በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች የመጨረሻው ሙከራ ከሌሎቹ ይበልጣል።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች የሚደገፉበት ዩፒኤስ የኃይል መቋረጥን የሚያስታውቀው ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱ ካልተሰካና ተስማሚው ሶፍትዌር ካልተጫነ ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል እንጂ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አያደርገውም። በየቢሮው ያ ገመድ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የፈርምዌር ማሻሻያ ከከርነል ማሻሻያ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በጭነት ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው መሙላቱ፣ ቻርጀሩም መሰካቱ ሳይረጋገጥ አይጀመርም፤ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ መሞከር አይገባም። የከርነል ማሻሻያ በአንጻሩ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። ኡቡንቱን የመሳሰሉ ሥርጭቶች የቀድሞውን ከርነል ስለሚያቆዩ፣ አዲሱ አልነሳ ካለ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሚታየው ዝርዝር የቀድሞውን መርጦ ሥራ መቀጠል ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ በጽሕፈት ቤቱ ካለ ተገልጋይ «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስበት ቀን ይቀንሳል።

ችግር ሲያጋጥም ሪፖርት ማድረግ

ጠቃሚ ሪፖርት የሚከተሉትን ይይዛል፤ የኮምፒውተሩን አምራችና ሞዴል፣ የፈርምዌሩን ቁጥር፣ በትክክል ይሠራ የነበረውን የመጨረሻ የከርነል ቁጥርና ችግሩ የታየበትን የመጀመሪያ ቁጥር፣ እንዲሁም ከርነሉ ሲነሳ የመዘገበውን ሙሉ መልእክት። «አይሠራም» ከሚለው ይልቅ «ቻርጀሩ ሲነቀል የባትሪው ምልክት አይለወጥም» የሚለው ለገምጋሚው ይጠቅማል። ሪፖርቱ አስቀድሞ የሚላከው ለሥርጭቱ አዘጋጆች ነው፤ ችግሩ በዋናው ከርነልም እንዳለ ከተረጋገጠ ለክፍሉ ኃላፊ ይቀርባል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አጭርና ግልጽ ከሆነ የቋንቋ ጥራት አይጠየቅበትም። ከመላኩ በፊት በመልእክቱ ውስጥ የተገልጋይ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም ሌላ የግል መረጃ አለመኖሩ ይረጋገጥ።

ጊዜና ዕውቀት ያለው ባለሙያ ከዚህ አልፎ ጥፋተኛውን ለውጥ ራሱ ሊያገኘው ይችላል። በሚሠራውና በማይሠራው እትም መካከል ያሉት ለውጦች ለሁለት እየተከፈሉ ይሞከራሉ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ግማሹ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል 13,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ከ14 በማይበልጥ ሙከራ አንዱ ተለይቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ሙከራ ከርነሉን ከኮዱ መገንባትን ስለሚጠይቅ በአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ይወስዳል። ይህ ዓይነቱ ሥራ እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት ለሚማሩ የኮምፒውተር ተማሪዎች የሚመጥን ሲሆን፣ በአካባቢው ጽሕፈት ቤቶች ያሉትን ኮምፒውተሮች ማግኘት ለእነርሱ ከማንም ይልቅ ይቀርባቸዋል።

ለተገልጋዮች

አገልግሎት በኮምፒውተር ብልሽት ሲቋረጥ ተገልጋዩ ማመልከቻው ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ዋና ሰነዶችን ትቶ አይሂድ፣ ቅጂ ብቻ ያስቀር። ምዝገባው በመካከል ተቋርጦ ከነበረ በሚመለስበት ጊዜ የገባው መረጃ ሙሉ መሆኑን ከባለሙያው ጋር ሆኖ ከስክሪኑ ላይ ያረጋግጥ፤ ግማሹ ተቀምጦ ግማሹ የቀረ ቅጽ ከጠፋ ቅጽ ይልቅ ዘግይቶ ይታወቃልና። በግሉ ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰውም ማሻሻያ ሲቀርብለት የከርነል ይሁን የፈርምዌር ለይቶ ያንብብ፤ የፈርምዌር ከሆነ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት፣ ባትሪው ሞልቶ ያከናውነው።